ወንዙ እንዴት ዋለ?

ለቅሶ ላይ ነበርን። እናቴን ከቀበርን ስድስተኛ ቀናችን ነው። ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ያለው ቤታችን ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ፍራሹ መሬት ተነጥፎ፣ ሰው ይገባል ሰው ይወጣል። ጎረቤት ያመጣው ምስር፣ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ የሚበላው ግን የለም። ከተማችን ሐደራ ሳምንቱን ሙሉ በዝናብ ስትደበደብ ሰንብታ ያን ቀን ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። የልጄ ልጅ ሺራ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋ ሁሉ ጭቃ ነው። ክፍላቸው ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሊለቅም ሄዶ ኖሯል። በለቀስተኛው መሀል ተሽሎክልካ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ሳቭታ፣ እዪማ! ዳግ ይዟል!»

ሳቭታ እኔ አያቷ ነኝ፤ ዳግ ደግሞ ዓሣ። የዚህ አገር ልጆች አንቱ ማለት አያውቁም፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ስልኩ ላይ ጀርባው ሰማያዊ፣ ደረቱ ብርቱካንማ የሆነ ትንሽ ወፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ቆሟል። ምንቃሩ መሀል ጣት የምታህል ዓሣ ይዟል።

«የት ያየሽው ነው?»

«ናሃል ሐደራ፣ ወንዙ ጋ፣ ከድልድዩ ሥር። አስተማሪያችን ድሮ ውሃው ጥቁር ነበር፣ ክሉም አልነበረበትም አለችን፤ ምንም። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት። ከዚያ ሳላስበው ፊቴን ወደ መስኮቱ ጥግ አዞርኩ። እዚያ የእማዬ ወንበር አለ። «እማዬ፣ ወንዙ ወፍ ሲያበላ ዋለ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ወንበሩ ላይ የሰው ካፖርት ተቆልሏል። እናቴ ስትሞት እንደ ሰው አላለቀስኩም፤ ስትቀበርም እንዲያው ደርቄ ነው የዋልኩት። ያን ካፖርት ሳይ ግን ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ሺራ ደንግጣ ስልኳን ደበቀች።

እናቴ ስታርፍ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ነርሷ «ንኪያት፣ ትሰማሻለች» አለችኝና እጇን ያዝኩ። ሸካራ ይመስለኝ ነበር፤ በወጣትነቷ ሸክላ ሠሪ ነበረችና። ለስላሳ ነው፤ እንደ አሮጌ ጨርቅ ነው። ባዶ እጇን ከያዝኩ አርባ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ተጣልተው ኖረው ነው ይላል። አልተጣላንም፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማጀት ነው የኖርነው። እናቴ ስትስመኝ በነጠላ ነው፣ ስትመርቀኝ በነጠላ ነው፣ ስዳርም ጉንጬን የዳሰሰችው እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው። የልጅ ልጆቿ የአሮጊት ጽዳት ይመስላቸው ነበር። ነገሩ የጀመረው እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ከወገራ ተነስተን በእግር ሱዳን የገባነው እናቴ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ ነን። አባቴ መንገዱን ሳያየው ሞቷል። ወንድሜ ተገኘ ይባላል፤ ከእኔ በኋላ ብዙ ዘግይታ፣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ስለወለደችው እናቴ ያወጣችለት ስም ነው። ገና አራት ዓመቱ ነበር። የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ወባ ያዘው፤ ሳምንት አልቆየም።

በእኛ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ርኩስ ነው። ስድብ አይደለም፤ ለሟቹ የመጨረሻውን ደግ ሥራ የሠራ ሰው ነው። ግን ለብቻው ይቀመጣል፣ ሰው አይነካም፣ በሰው ዕቃ አይበላም። ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ወንዝ ወርዶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ራሱ እስኪጠልቅ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ሰው ይመለሳል። መንደሮቻችን ሁሉ ወንዝ አጠገብ የነበሩት ለዚህ ነው። ጎረቤቶቻችን «እነሱ ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሉን ነበር። ሊሰድቡን ነው፤ እኛ ግን እንደ ምስጋና እንሰማው ነበር።

መጠለያው ውስጥ ወንዝ ከየት ይምጣ? በቦቴ የሚመጣው ውሃ ለጉሮሮ እንኳ አይበቃም። እናቴ ልጇን ራሷ አጠበች፣ ራሷ ገነዘች፣ በገዛ እጇ አፈር አለበሰችው። ልጠጋ ስል በዐይኗ ከለከለችኝ። «አንቺ እንኳ ንጹሕ ሁኚልኝ» አለችኝ። ወንድሜን ሳልስመው የቀረሁት ለዚህ ነው። ማልቀስም አልተቻለም። አይሁድ መሆናችንን ደብቀን የምንኖር ሰዎች ስለነበርን ሙሾ ፖሊስ ይጠራል ተባለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቀበረችው።

ከዚያ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር መጣን፤ ሐደራ ዳር አዲስ የመጡ ሰዎች የሚያርፉበት ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠን። ክረምቱ ሊወጣ ነበር። እዚህ ክረምት የሚገባው በእኛ አገር በጋ በሆነበት ወር ነው፤ ሰማዩም እንደ ሰው ግራ የተጋባ ይመስለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጭ አይብ፣ ቲማቲምና ስፖንጅ የመሰለ ዳቦ ይሰጡናል። የወይራ ፍሬ መጀመሪያ ሲቀርብልን መድኃኒት መስሎን ከነዘሩ ዋጥነው፤ አንዱ ሽማግሌማ «ሆዴን ፈወሰኝ» ብለው በማግስቱም ጠየቁ። ሁሉም በረጅም ጠረጴዛ ተሰብስቦ ሲበላ እናቴ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ትቀመጣለች። እኔ ስቀርባት ትሸሻለች። ጸጉሬን ማን ይሠራኝ? የሰው እናት ትሠራኛለች። የእኔ እናት ከማዶ ሆና «ከግንባሯ ላይ አጥብቂው፣ እሷ ሲላላ አይሆንላትም» እያለች ታዝዛለች። እንደዚያን ጊዜ ሰው ናፍቄ አላውቅም፤ የናፈቅኳት ሴትዮ ደግሞ አጠገቤ ነበረች።

ከአገር አብረውን የመጡት የእኛው ቄስ አነጋገሯት። «ትርንጎ፣ የስደት ሕግ ሌላ ነው፤ በመንገድ የሆነው በመንገድ ይቀራል» አሏት።

«እርስዎ ካሉ ነው እንግዲህ» አለቻቸው። ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ሳህኗን ግን ከበሩ አጠገብ አላነሳችም። እናቴ እሺ ያለችውን ነገር አድርጋ አታውቅም፤ እምቢ ያለችውን ነበር የምታደርገው።

የሕንፃውን ሰው የምትንከባከበው፣ የቤት እናት የምትባለው ሩቲ፣ ጸጉሯ የተቆረጠ፣ ቁልፍ የምታንቀጫቅል ደግ ሴት፣ ነገሩ ሲገባት ቀላል ነው አለች። በመኪናዋ ጭና ከተማ ውስጥ ወዳለ ሚቅቬ፣ የመንጻት መታጠቢያ፣ ወሰደችን። ግድግዳው ሸክላ የተለጠፈበት፣ የክሎሪን ሽታ ያለበት፣ ደረጃ የሚወርድ የውሃ ጉድጓድ ነው። ንጹሕ ነው፤ ሙቅም ነው። እናቴ ከደረጃው ራስ ላይ ቆማ ውሃውን አየችው።

«ይህ ውሃ የት ይሄዳል በያት» አለችኝ። በሰባራ ዕብራይስጤ ተረጎምኩ።

«የትም አይሄድም» አለች ሩቲ እየሳቀች። «እዚሁ ነው የሚቆየው።»

«የማይሄድ ከሆነ የእኔን ይዞልኝ የት ይደርሳል?» አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ወጣች። ሩቲ ተቀየመች። እኔ ደግሞ አፈርኩባት፤ በዚያ ዕድሜ ልጅ በእናቱ የማያፍርበት ነገር የለም። ግን ንግግሯ ውስጤ ቀረ። መሄድ የሚችል ውሃ መፈለግ እንዳለብኝ ያን ቀን ገባኝ። አገኘሁላት ማለት ጸጉሬን ራሷ ትሠራኛለች ማለት ነው።

ያገኘሁት ቋንቋ የምንማርበት ክፍል መስኮት ላይ ሆኜ ነው። ከሜዳው ማዶ ባሕር ዛፍ በተርታ ቆሟል። እዚህ አገርም ባሕር ዛፍ መኖሩ ገርሞኛል፤ ይበልጥ የገረመኝ ግን ተርታው መጠማዘዙ ነው። ሰው የተከለው ዛፍ ቀጥ ይላል፤ ወንዝ ያቆመው ነው የሚጠማዘዘው። አስተማሪዋን ጠየቅኳት፤ ወንዝ ነው፣ ወደ ባሕር ይወርዳል አለችኝ። ትምህርቱ ሳያልቅ ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ወንዝ አገኘሁ! ይሄዳል!»

በማግስቱ ለማንም ሳንናገር ወጣን። የብርቱካኑ አበባ የፈነዳበት ሰሞን ነበር። ከሕንፃው እስከ ሜዳው ድረስ የብርቱካን እርሻ ነው፤ ሽታው አፍንጫ አልፎ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። እናቴ መቀየሪያ ቀሚሷንና ነጠላዋን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ከፊት ከፊቴ ትራመዳለች። ከሱዳን ወዲህ እንደዚያ ቀልጠፍ ስትል አይቻት አላውቅም። መንገድ ዳር ሳማ በቅሎ አይታ ቆመች። «ይህችም እዚህ አለች እንዴ!» አለች፤ እንደ ዘመድ ሰላም ልትላት ምንም አልቀራት። ከዚያ ሳቀች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ጸጉሬን በጣቴ እየፈታሁ ነበር፤ ማታ ስንመለስ አዲስ ሹሩባ ሊሠራልኝ ነዋ።

ሽታው ቀድሞን መጣ። መጀመሪያ የብርቱካኑ አበባ የበሰበሰ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስንል ዐይን ማቃጠል ጀመረ። ባሕር ዛፉን አልፈን ቁልቁለቱን ወረድንና ቆምን።

ወንዙ ጥቁር ነው። ጥቁር ስል የጥልቅ ውሃ ጥቁረት አይደለም፤ የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ነው። ላዩ ላይ የሳሙና የመሰለ ነጭ አረፋ እየተጎተተ ይሄዳል። ከላይ ካሉ ከተሞችና ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ሁሉ እዚያ እንደሚገባ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሸምበቆው ሥር ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የመኪና ጎማ አለ፣ የወንበር እግር አለ። ወፍ የሚባል የለም። ውሃ ዳር አድጌ ዝም ያለ ወንዝ ዳር ቆሜ አላውቅም፤ አንድ እንቁራሪት እንኳ አልነበረችም።

እናቴ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች። ሰው ታሞ ስታይ በምትጠይቅበት ድምፅ ነው።

«አላውቅም እማዬ። ግን ይሄዳል። አየሽ፣ አረፋው ይሄዳል።» በእጄ ወደ መሀሉ አመለከትኩ። «ከላይ ብቻ ነው የቆሸሸው፤ ከሥር ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥለቂ፤ እንዴትም ቢሆን ወንዝ ነው።»

ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ውሃው ሰደደች። ሳትነካው መለሰችው።

«ይህ እኮ የሰውን ሁሉ ተሸክሟል» አለች። «አገሩ ሁሉ የጣለበትን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔም መጥቼ የእኔን ልጨምርበት? ይበቃዋል።»

ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከረጢቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ ያቃሰተች መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ከፍ ሲል ሙሾ መሆኑን ለየሁት። እናቴ መንደራችን ውስጥ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ የሰው ለቅሶ ሁሉ ይጠራት ነበር። ለልጇ ግን አላወረደችም፤ አልተፈቀደላትም። እዚያ ጥቁር ውሃ ዳር ደረቷን እየመታች ወንዙን አለቀሰችው።

«ልታጠብ ብመጣ ከወንዙ ዳር ቆሜ፣
አንተም ታመሃል ወይ እንደኔው ወንድሜ።»

ትደግመዋለች፤ እኔም ሳላውቀው እየተቀበልኳት ነበር። ድንገት ዜማው ተሰበረና ሌላ ግጥም መጣ፦

«አፌን አፍኜ ነው ያኔ የቀበርኩህ፣
ዛሬ በወንዝ ሰበብ ጮኼ አለቀስኩህ።»

ተገኘ፣ ተገኘ፣ እያለች ጮኸች። ባሕር ዛፉ ድምፁን መለሰው። እኔ ከእሷ ራቅ ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ልትነካኝ አትችልም፣ ልነካትም አልችልም፤ አረፋው በመሀላችን እንደሚያልፍ ሁሉ ውሃውን እናያለን። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲንሿሿ ከሰማሁ መንገዴን እቀይራለሁ።

ሲበቃት አፍንጫዋን ተናፍጣ ተነሳች። ነጠላዋን ከከረጢቱ አውጥታ እጇን ጠቅልላ ጉንጬን ጠረገችልኝ። ነጠላው የእሷን ሙቀት አሳለፈው፤ ያንን ያህል አገኘሁ።

«ሲያገግም እንመለሳለን» አለች።

«ወንዝ ያገግማል እንዴ?»

«ለምን አያገግም? የእኛን ምንጭ አታውቂም?» አለችኝ። እየተመለስን በመንገድ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች መንደራቸው ውስጥ ከላዩ የሸክላ አፈር ያለበት አንድ ምንጭ ነበራቸው። ሴቶቹ፣ እናቷም ጭምር፣ ለእንስራና ለድስት አፈሩን ከምንጩ ራስ ሲቆፍሩ፣ ሲቆፍሩ ምንጩ ጠፋ። ዕንባ ያህል እንኳ አይወጣም። ሽማግሌዎች መከሩና እዚያ መቆፈር ተከለከለ፤ ሴቶቹ አፈር ፍለጋ ግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ጀመሩ። አንድ ዓመት ምንም የለም፤ ሌላ ዓመትም ምንም የለም። እናቷ ግን ዘወትር ጠዋት ቦታውን ሄዳ ታይ ነበር።

«ከዚያ አንድ ጠዋት መሬቱ ረጥቦ አገኘችው» አለች እናቴ። «ምንም አላደረግንለትም። ተውነው እንጂ። ውሃ ቂም የለውም ልጄ፤ ከተዉት ይመለሳል።»

የብርቱካኑ እርሻ መሀል ስንደርስ ሩቲ መኪናዋን መንገድ መሀል አቁማ ወደ እኛ ስትሮጥ አየናት። ጠፍተውብኛል ብላ ፊቷ ነጭ ሆኗል። የት እንደነበርን ነገርኳት። ከዚያ ቀዝቀዝ ብላ፣ አያቶቿ እዚህ ሲሰፍሩ ቦታው ረግረግ እንደነበር፣ ብዙ ሰው በወባ እንዳለቀ፣ ባሕር ዛፉን የተከሉት ውሃውን እንዲመጥላቸው መሆኑን ነገረችን። አያቷም ልጅ ቀብራለች። ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ሩቲን ትኩር ብላ አየቻት።

«በፊት ውሃው ሰዉን ገደለ፣ አሁን ደግሞ ሰዉ ውሃውን» አለች። «በያት፣ አያቷን ነፍስ ይማር።» የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ያን ቀን ማታ ጸጉሬን የሰው እናት ሠራችኝ።

ኋላ እኔ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ኢንዱስትሪ ዞን አንድ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ሥራ ያዝኩ። አውቶቡሴ በድልድዩ ላይ ያልፋል። ማታ ቤት ስገባ እናቴ እንዴት ዋልሽ ካለችኝ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስከትላለች፦ «ወንዙ እንዴት ዋለ?» መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር። «እንዳለ ነው» እላታለሁ። «አይዞህ» ትላለች፤ ለወንዙ መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመት እንዳለ ነው እያልኳት ኖርን። ከዚያ ሰዉ መጮህ ጀመረ፤ ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ እንዳይለቁ ተከለከሉ፣ ለከተሞቹም ማጣሪያ ተሠራ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ማንም አፍንጫውን ሳይዝ ድልድዩን አለፍን፤ እኔ ብቻ ነኝ ልብ ያልኩት። «እማዬ፣ ዛሬ አልሸተተም» ስላት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ቀጥሎ እንቁራሪት ሰማሁላት፤ ቀጥሎ ዳክዬ አየሁላት። እንደ ሐኪም ሪፖርት አቀርብ ነበር።

«በቃ እንሂድ፣ አገግሟል» አልኳት አንድ በጋ።

«ገና ማገገሙ ነው፤ ከአልጋ የተነሳን ሰው ሸክም አያሸክሙትም» አለች። በሌላ ዓመትም እንዲሁ አለች። ኋላ ጉልበቷ ደከመ፤ በመኪና እንሂድ ብላትም «ይረፍ፣ ተይው» ትለኛለች። ለወንዙ ማዘኗ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ይመስለኛል። እጇ ላይ የቀረው የልጇ የተገኘ መቃብር አፈር ነበር፤ ከሱ ሌላ ምንም አልተረፈላትም። ውሃው ይዞት እንዲሄድ አልፈለገችም። ብጠይቃትም አትነግረኝም ነበር።

እንግዲህ ሺራ ስልኳን ባሳየችኝ ማግስት ሰባተኛው ቀን ሆነ። ጠዋት ከለቅሶ ተነሳን። ከሰዓት በኋላ ሺራን «ያን ወፍ አሳዪኝ» አልኳት። እኔ እንደ እናቴ ሕግ ጠባቂ አይደለሁም፤ በዘመኔ ሬሳ ነክቼ እጄን በቧንቧ ታጥቤ እራት የበላሁ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን እጄ ከበደኝ።

ወንዙ በዝናቡ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። የሚሸተው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ብቻ። ሸምበቆው ላይ ጥቂት ላስቲኮች ተሰክተዋል፤ ጸድቶ አልቋል ብዬ አልዋሽም። ዳሩ ላይ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ቦርድ ቆሟል። ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ወደ ባሕሩ በኩል የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ እንደ ድሮው አይጨሱም። ወፉ አልነበረም። ጫማዬን አወለቅኩ።

«ሳቭታ፣ አሱር!» ጮኸች ሺራ። «ክልክል ነው፣ ተጽፏል እኮ!»

«አይቻለሁ። ልዋኝ አይደለም የመጣሁት።»

እጄን ብቻ ልታጠብ ነበር ሐሳቤ። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከነቀሚሴ ተቀመጥኩና ራሴ እስኪጠልቅ ሰጠምኩ። ስወጣ የእኔ ነው አልኩ። ደግሜ ሰጠምኩ፤ ያኛው የእማዬ ነው። ውሃው በጎኔ እየገፋ፣ ቀሚሴን ወደ ባሕሩ እየጎተተ አለፈ። ሄደ።

እየተንቀጠቀጥኩ ዳር ወጣሁ። ሺራ ጃኬቷን አውልቃ ወደ እኔ ሮጠች። ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ «ቆይ!» አልኳት፤ በሕጉ ጀንበር እስክትጠልቅ አልነካትም። ድምፁ የእኔ አልነበረም፤ የእናቴ ነው። ልጅቷ ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷን አየሁት። ሱዳን ላይ፣ ወንድሜ ሬሳ አጠገብ የቆመችው ልጅ፣ የያኔው የእኔ ፊት ነው።

እጄን አወረድኩ። ሺራ መጥታ በጃኬቷ ጠቅልላ አቀፈችኝ፤ ባዶ እጆቿን እርጥብ አንገቴ ላይ አደረገች። ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም ነበር። ተውኩት።

ዘንድሮ ዜና በሰማሁ ቁጥር ስለ ምድር የሚወራው ሁሉ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው፤ የሚወራውም ብዙው እውነት ነው። ሰዎች ተስፋ አለው ወይ ሲሉኝ እኔ የማውቀው አንድ ወንዝ ብቻ ነው እላለሁ። ሞቶ አየሁት፤ ሙሾ ተቀበልኩበት፤ ከዚያ ደግሞ ወፍ ሲያበላ በሺራ ስልክ አየሁት። ይህ ያጽናናኛል፤ ያስፈራኛልም። ወንዙ ተመለሰ፤ ወንድሜ ተገኘ አልተመለሰም፤ እማዬም አትመለስም። የሚመለሰውን ከማይመለሰው ጋር እየደባለቅኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ለመለየት እየሞከርኩ ነው። ለማይመለሰው ሙሾ አለን። የሚመለሰውን ግን ጠዋት ጠዋት ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ የእናቴ እናት እንዳደረገችው።

ሺራ የትምህርት ቤት አውቶቡሷ በድልድዩ ላይ ነው የሚያልፈው። ትናንት ቦርሳዋን በሩ ላይ ጥላ ስትገባ፣ እንዴት ዋልሽ ካልኳት በኋላ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

«ወንዙስ እንዴት ዋለ?»

ወደ ማቀዝቀዣው እየሄደች ነበር። ዞር ብላም አላየችኝ።

«በሴደር ዋለ፣ ደህና ነው፣ ሳቭታ» አለችኝ። «አንድ ላስቲክ አንገቱ ላይ፣ ሸምበቆው ጋ፣ ነበረበት፤ ድልድዩ ጋ ወርጄ አወጣሁለት።»